በነጩ ፋኖስ ሥር የተገኘው ሙሽራ

ቡድሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀየምኩት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ቀኔን ስለቀማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን የልጆች ቀን የሚባል በዓል አለ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጅ ንጉሥ ይሆናል፣ ቢያጠፋም የሚቆጣው የለም። የቡድሃ ልደትም አለ፤ ያም ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የልጆች ቀን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የቡድሃ ልደት ግን ጨረቃን እየተከተለ ሲዞር ይኖራል። ሲዞር፣ ሲዞር፣ ኦሎምፒክ ወደ ሴኡል ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ መጥቶ እኛው ቀን ላይ ዘጭ አለ። ሁለት በዓል በአንድ ቀን! ካሌንደሩ ላይ ሁለት ቀይ ቁጥር መሆን ሲገባው አንድ ብቻ! አስተማሪያችን ስትነግረን ክፍሉ በሙሉ እንደ ተነካ ቀፎ ነው የጮኸው።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ለአያቴ ክሴን አቀረብኩ።

«አያቴ፣ ቡድሃ ልደቱን ለምን ሌላ ቀን አያደርገውም?»

«አንቺስ ልደትሽን ሌላ ቀን ታደርጊያለሽ?»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ይቻለዋ!»

«ማን ነው ትልቅ ሰው ያለሽ? በዚያ ቀን እኮ ገና የተወለደ ሕፃን ነው። ከአንቺም ያንሳል፤ እንዲያውም ቀኑ የሚገባው ለሱ ነው» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ተሸነፍኩ። የተሸነፈ ልጅ ደግሞ ቂም ይይዛል፤ እኔም ያዝኩ።

ወላጆቼ ቡሳን የጫማ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። የማያቸው ለአዲስ ዓመትና ለመኸር በዓል ብቻ ነው። አያቴ መገበችኝ፤ ያሳደገችኝ ግን የእናቴ ታናሽ እህት ኦክጂን ናት። አክስቴ ገበያው ዳር ባለ ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር። የከተማችን ሴት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር የነበራት በሷ እጅ ነው። የራሷ ግን ተጠቅልሎ አያውቅም፤ ልሙጥ፣ ጥቁር፣ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ፀጉር ነበራት። ማታ ማታ ጫፉን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። የልጆች ቀን ሁልጊዜ ከሷ ጋር ነው የምውለው፤ ያን ዓመት ደግሞ ጉዋንግጁ ከተማ መካነ እንስሳት ድረስ ወስዳ ዝሆን ልታሳየኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። እንግዲህ ቡድሃ ቀኔን ብቻ አይደለም፣ ዝሆኔንም ነው የወሰደብኝ።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ከዝሆን የሚበልጥ ነገር ሰማሁ። አያቴ ከጎረቤታችን ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። እኔ ከወረቀቱ በር ጀርባ ሆኜ የሩዝ ፈንዲሻ እቆረጥማለሁ፤ የወሬውን ግማሽ ቁርጠማዬ ዋጠው።

«ልላጭ ትላለች እኮ! ገዳም ልግባ ትላለች! እንዲያ ያለውን ፀጉር!» አለች አያቴ።

«ኧረ ጉድ የሚያሰኝ ነው! ታዲያ ምን አሰብሽ?»

ቁርጥም፣ ቁርጥም።

«... ለልደቱ እሱም ገዳም ይመጣል። እዚያው ይተያያሉ። ከተስማሙ ክረምቱ ሳይገባ ይውሰዳት፤ እኔም እፎይ ልበል።»

ፈንዲሻው አፌ ውስጥ ደረቀ። ዛሬ ሳስበው አያቴ ስለ ሁለት ነገር ነበር የምታወራው፦ ስለምትፈራው ነገርና ስላዘጋጀችው መድኃኒት። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋኋቸው። አንድ ሰው ይመጣል፣ አክስቴን ይላጫታል፣ ገዳም ይወስዳታል። አያቴ ደግሞ ተስማምታለች!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድ የተባለ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነብኝ። ፖስተኛው እንኳ ከአክስቴ ጋር ሰላም ሲባባል መሀል ገብቼ እቆም ነበር።

በዓሉ እስኪደርስ ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ገዳሙ አዳራሽ እየተሰበሰቡ የፋኖስ ቅጠል ይጠቀልሉ ነበር። በሮዝ ቀለም የተነከረ ስስ ወረቀት ይዘው ጫፉን በጣታቸው ጠምዘዝ ያደርጉና፣ በዱቄት ሙጫ የሽቦው ቅርጫት ላይ ይለጥፉታል። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲደራረብ የሎተስ አበባ ይሆናል። ቀለሙ ጣት ላይ ከያዘ ደግሞ በሳሙና አይለቅም። እኔም ከአክስቴ ጎን ቁጢጥ ብዬ እጠመዝዝ ነበር፤ የኔዎቹ አበባ ሳይሆን የታመመ ጎመን ነበር የሚመስሉት።

የሩዝ ወፍጮ ያላት ሴትዮም ትመጣ ነበር፤ ከተማው ሁሉ «ባለወፍጮዋ» ነው የሚላት። ሁልጊዜ ከአክስቴ ፊት ለፊት ትቀመጣለች።

«ጣቷን እዩልኝ እስቲ! እንዲህ የሚጠመዝዝ ጣት ልጅም ያሳድጋል፣ ቤትም ያቆማል» ትላለች።

ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። አክስቴ አቀርቅራ መጠምዘዟን ትቀጥላለች። እመምኔቷ ብቻ፣ ያቺ አጭር፣ ሳቂታ መነኩሲት፣ «ወረቀቱን ተዪላት ባለወፍጮ፣ በዐይንሽ አቃጠልሽው» ትላታለች።

በመጨረሻው ቀን ቀለሙ አለቀ። «አንቺ ነሽ ያባከንሽው!» «እኔ? ያንቺ ጣት አይደል እስከ ክርኑ የቀላው!» ተባባሉና ተሳስቀው ተውት። እኔ ከአዳራሹ ስወጣ ከኋላው ግቢ ነጭ ፋኖሶች ተደርድረው አየሁ፤ ነጭ ብቻ፣ አንድም ሮዝ የለባቸውም። አሳዘኑኝ። ቀለም ያልደረሳቸው ምስኪኖች መስለውኝ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። አያቴ አክስቴን በግድ ሮዝ ቀሚስ አለበሰቻት። አውቶቡሱ ከመሙላቱ የተነሳ እኔ የማላውቃት አሮጊት ጭን ላይ ነው የሄድኩት፤ አሮጊቷ መንገዱን ሙሉ እየዘፈነች ስታስጨፍረኝ ቂሜን ልረሳው ምንም አልቀረኝም። ገዳሙ ስንደርስማ ግቢው ሌላ ዓለም ሆኗል! ከጣሪያ እስከ ዛፍ ገመድ ተዘርግቶ፣ በገመዱ ላይ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ፋኖስ ተጠጋግቶ ሰማዩን ሸፍኖታል። ከእያንዳንዱ ፋኖስ ሥር የባለቤቱ ስምና ምኞት የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። እኔ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሩ ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብ ነበር፦ «ጤና!» «ፈተና ማለፍ!» «የወገብ ሕመም መዳን!»

በአበባ ባጌጠ ገንዳ መሀል ትንሹ ቡድሃ ቆሟል፤ አንድ ጣቱ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጣቱ ወደ ምድር። ሰው ተሰልፎ በማንኪያ ውሃ ያፈስበታል። ተራዬ ሲደርስ ጆሮው አጠገብ ጎንበስ አልኩና ነገርኩት።

«ቀኔን ወስደሃል፣ ዝሆኔንም ወስደሃል። ይሁንልህ። አክስቴን ግን አትንካብኝ።»

ቀጥላ አክስቴ አፈሰሰች፤ ዐይኖቿን ጨፍና ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ምን ለመንሽው?» አልኳት።

«አይነገርም። አንቺስ?»

«የኔም አይነገርም!»

የዚያን ቀን ሁለታችን ስለ አንድ ራስ ፀጉር ተቃራኒ ጸሎት ነበር ያደረስነው። ምስኪኑ ሕፃን የማንን ይስማ?

እንግዲህ ሰውየውን ያየሁት ከዚያ ወጥተን ነው። ባለወፍጮዋ በእጁ እየጎተተች አመጣችው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ፀጉሩ ቆዳው እስኪታይ ተቆርጧል። ግራጫ ልብስ፣ የተላጨ ራስ፤ ልክ እንደ ገዳሙ መነኮሳት! አያቴ ከወገቧ ታጥፋ እጅ ነሳችው። «ልጄ ፒልሆ ነው» አለች ባለወፍጮዋ። አክስቴ መሬት መሬት አየች። ወዲያው ትልልቆቹ ሻይ ሲሉ፣ ሰውየው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ጫማውን በቅጠል ሲወለውል ብቻውን አገኘሁት። ሄጄ ፊቱ ተገተርኩ።

«ጋሼ፣ ፀጉርህን ማን ነው እንዲህ የላጨህ?»

«መንግሥት» አለና ሳቀ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከተራራ። እዚያ ሰሜን፣ በረዶው እስከ ጉልበት ከሚደርስበት።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?»

«ሳይነጋ ነዋ! የተኛ ወዮለት!»

«ሴት አለ እዚያ?»

«ወይ ሴት! ሴት ቢኖርማ እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ?»

ራሱ በአፉ አመነ! አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ።

«ሥጋስ ትበላለህ?»

ዞር ብሎ ወደ እናቱ አየ። «ሥጋ? ኧረ እኔ ጎመን ነው የምወደው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በቃ፣ መነኩሴ ነው! ለነገሩ ሰውየው ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ዓመታቱን በድንበር ተራራ ላይ ጨርሶ ገና መምጣቱ ነው። ጎመን መውደዱ ደግሞ ንጹሕ ውሸት ነበር። ልጅቷ ገዳም ወዳድ ናት ብላ እናቱ አስጠንቅቃዋለች እንጂ የአሳማ ሥጋ ካየ አገር አይበቃውም። ለማንኛውም ያን ጊዜ ከኪሱ ካራሜል አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ጠላትም ቢሰጠው ካራሜል ካራሜል ነው።

ካራሜሌን እያኘኩ ስመለስ አያቴና ባለወፍጮዋ ከገመዱ ሥር ቆመዋል። ሁለት ሮዝ ፋኖሶች ጎን ለጎን አሰቅለዋል። በአንደኛው ሥር «ኦክጂን፣ መልካም ትዳር» ይላል። በሌላው ሥር «ቻ ፒልሆ፣ መልካም ትዳር»። «ትዳር» የሚለውን ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት እንጂ ልብ አላልኩትም፤ ያየሁት ሁለቱ ስሞች መጠጋታቸውን ነው።

«ፋኖሶቹ ከተጣበቁ ሰዎቹም አይላቀቁም» አለች ባለወፍጮዋ።

«ከአፍሽ ይቀበልሽ!» አለች አያቴ።

እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው! የፋኖሱ ቦታ የሰዎቹን ቦታ የሚወስን ከሆነ እኔ ምን አስጨነቀኝ? የምሳ ደወል ተደውሎ ሕዝቡ ለሩዝና ለተራራ ቅጠል ሲሰለፍ፣ የአትክልት ሳጥን ደፋሁና ላዩ ላይ ወጣሁ። የፒልሆን ስም ፈታሁ። መጀመሪያ ልጥለው ነበር። ግን የሰው ስም መሬት መጣል ነውር ነው፤ ደግሞስ ካራሜል ሰጥቶኝ የለ? ጥሩ ቦታ ልፈልግለት አልኩ። ከአክስቴ ራቅ ያለ፣ ግን ደግሞ የሚያምር። አዳራሹን ዞሬ ወደ ኋላው ግቢ ገባሁ፤ ቀለም ያልደረሳቸው ምስኪኖች ነፋስ እያወዛወዛቸው በጸጥታ ተሰቅለዋል። ከሁሉም ትልቁንና ነጩን መረጥኩ። ከሥሩ አሰርኩት፣ ሁለቴ ቋጠርኩት፣ «እዚህ ሁን» ብዬው ሮጥኩ።

ምሳ ላይ ሁለት ሳህን በላሁ። አክስቴና ፒልሆ ትይዩ ተቀምጠው ነበር፤ መሀላቸው ተሰንቅሬ ስለ ዝሆን ሳወራ ዋልኩ። ልቤ ቅቤ ጠጥታለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መነኮሳቱ መሰላል ይዘው ሻማ መለኮስ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ! ሰዉ «ወይኔ!» እያለ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የራሱን ስም ይፈልጋል። እኔ በደስታ መቆም አቅቶኝ እሽከረከራለሁ። ያኔ ነው የባለወፍጮዋ ድምፅ የተሰማው።

«የልጄ ስም የት ገባ?»

አያቴ አየች፤ ባለወፍጮዋ አየች። ከኦክጂን ጎን ያለው ፋኖስ ስም የለውም። ሰዉ ሁሉ ፍለጋ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ዐይነ ደካማ አሮጊት ከኋላው ግቢ፣ በቅንነት፣ በደስታ ተጣራች።

«ፒልሆ የምትሉት ቻ ፒልሆን ነው? ኑ፣ እዚህ አለላችሁ!»

ሰዉ ተግተልትሎ ሄደ። ሄደና ወረቀቱን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ነጭ ፋኖስ የሙታን ነው። ሮዙ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው በሕይወት ላለ ሰው ይሰቀላል፤ ነጩ ለሞተ። ይህን በግቢው ውስጥ የማያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። «ቻ ፒልሆ፣ መልካም ትዳር» የሚለው ወረቀት በሙታን መሀል ይወዛወዛል። በስተግራው ያለው ፋኖስ ደግሞ፣ የባሰ አታምጣ፣ የሟች አባቱ ነበር።

«ልጄን ገደሉብኝ!» ብላ ጮኸች ባለወፍጮዋ። «ሳያገባ ቀበሩብኝ!»

«እማዬ፣ አለሁ እኮ፣ እዚሁ ነኝ» አለ ፒልሆ።

«ዝም በል አንተ!»

«ኧረ አፈር በሆንኩ! ኧረ ምን ጉድ ነው!» ትላለች አያቴ ደረቷን እየደቃች።

ፒልሆ ጠጋ ብሎ ስሙን አነበበ። ራሱን እከክ እከክ አደረገ። «መቼስ አባባ ብቻውን አልዋለም» አለ። አንድ ሰው ፍንድት ብሎ ሳቀ፤ ባለወፍጮዋ ስትዞር ሳል አስመሰለው።

እመምኔቷ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች። ወረቀቱን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ባለወፍጮ፣ አይዞሽ» አለች። «ሞት መጥቶ ስሙን እዚህ ካገኘው፣ ‹ይሄንንስ ወስጄዋለሁ› ብሎ ያልፈዋል። ልጅሽ መቶ ዓመት ይኖራል።»

«ማን ነው ይህን የሠራው? ማን ነው? ይኸው የጣት አሻራ አለበት! ሮዝ ነው!»

ሁሉም ሴት እጇን አየች። የአያቴ ጣት ሮዝ ነው። የጎረቤታችን ሮዝ ነው። የእመምኔቷም ሮዝ ነው። ባለወፍጮዋ ራሷ ወደ ወረቀቱ የቀሰረችው ጣት ከሁሉም የባሰ ሮዝ ነበር። ያኔ አክስቴ ሳቀች። በእጇ አፏን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም፤ በሮዝ ቀሚሷ መሬት ላይ ዘፍ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ከሷ የተጋባው ሳቅ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ወሰደው።

«ከእንዲህ ያለ ቤት ልጅ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች ባለወፍጮዋና ልጇን በእጅጌው ጎትታ ሄደች። ፒልሆ ከበሩ ዞር ብሎ ለአክስቴ እጅ ነሳ። አክስቴም ተነሥታ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ከወገቧ ታጥፋ እጅ ነሳችው፤ ያን ቀን ለሱ ያደረገችው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። አያቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ በልቤ እልል እያልኩ ነበር። ተባረረ! አክስቴ ተረፈች!

ፒልሆ አሁንም አለ፤ አግብቶ ወልዷል፣ የልጅ ልጅም አይቷል። ለልደቱ ሲመጣ «እኔ ከሞትኩ ቆየሁ» እያለ ይቀልዳል። እኔ ደግሞ አክስቴን ከመነኩሴ አዳንኳት ስል ያዳንኳት ከባል እንደነበር ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያኔ ግን ለመደሰት ጊዜ አልሰጡኝም። የሩዙ ችግኝ ከመተከሉ በፊት፣ አንድ ማለዳ፣ አክስቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። ትንሽ ጥቅል ይዛለች። አያቴ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፤ አኩርፋም ቢሆን የሩዝ ኬክ በጨርቅ እየቋጠረችላት ነው።

«ናንሂዬ፣ ገዳም ልሄድ ነው።»

ገባኝ። ዘልዬ ተነሣሁና በባዶ እግሬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ከአጥሩ ጀርባ አየሁ። ግቢያችን ከተደረደሩት ማሰሮዎች መሀል አየሁ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየሁ። ማንም የለም።

«የት ተደብቆ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ማን?»

«የሚወስድሽ ነዋ! ያ መላጣው! አባርሬው አልነበር እንዴ? ስሙን ወስጄ ከነጩ ጋ አስሬው አልነበር?»

አክስቴ ጥቅሏን ጣለች። አየችኝ፣ አየችኝና ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ ጉንጮቼን ያዘች። ዐይኗ ውስጥ ሳቅና እንባ ይጋፋሉ።

«አንቺ ነሻ! አንቺ ነሽ እንዴ!» ግንባሬን ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። «የኔ ቀበጥ፣ ስሚኝ። ማንም አይደለም የሚወስደኝ። ማንም አልመጣም። እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ማንም ሳይወስድሽ?»

«ማንም ሳይወስደኝ።»

አውቶቡሱ ከታች ጥሩንባውን ነፋ። አክስቴ ጥቅሏን አነሣች፤ ለአያቴ ጀርባ እስከ መሬት ሰገደች፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ሮጠች። መራመድ አይደለም፣ ሮጠች፤ እንደ እኛ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ እንደምንሮጠው። ልጮህ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከእኔ ጋር በሳቀችባቸው ቀኖች ሁሉ፣ አንድም ቀን እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ እስከ ወገቧ ብቅ ብላ ሁለት እጇን አወዛወዘች፤ እኔም እንባዬ እየወረደ፣ ተከትላኝ በወጣችው አያቴ አጠገብ መንገዱ ላይ ወደ ላይ እየዘለልኩ አወዛወዝኩላት።